ኒውሮሳይንስን ደጅ መጥናት፦ ኮሌጅ የገቡ ልጆች ደጋግመው የሚጠይቁኝ

ነሐሴ ሲገባ ስልኬ ሥራ ይበዛበታል። «የእህቴ ልጅ ኮሌጅ ልትገባ ነው፤ የአንጎል ትምህርት ነው አሉ የምትማረው። እስቲ አንዴ አናግሪያት» ይሉኛል እናቶች። እሺ ብዬ እደውላለሁ። ልጅቷ መጀመሪያ ዝም ትላለች። ከዚያ በየዓመቱ የምሰማቸውን ጥያቄዎች ታወርዳቸዋለች። ዘንድሮ ልጻፋቸው ብዬ ተቀመጥኩ። የማወራው ስለ አሜሪካ ኮሌጆች ነው፤ የተማርኩትም የሠራሁትም እዚያው ነውና። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ክፍል ገብቼ ፈተናውን ካለፍኩ አይበቃም እንዴ? «ውስጥ መግባት» የሚሉት ምንድነው?

ለዲግሪው ይበቃል። ግን የትኛው ላብ (የምርምር ቤተ ሙከራ) ቦታ እንዳለው፣ የትኞቹ ሁለት ኮርሶች በአንድ ሴሚስተር እንደማይወሰዱ፣ የትኛው ፕሮፌሰር ተማሪውን ቁጭ አድርጎ እንደሚያስተምርና የትኛው እንደሚረሳ ካታሎግ ላይ አይጻፍም። ኮሪደር ላይ ነው የሚወራው። ውስጥ መግባት ማለት ይህ ወሬ የሚደርሳችሁ ሰው መሆን ነው።

አባቶቻችን ደጅ ጥናት የሚሉት ነገር ነበራቸው። ጉዳይ ያለው ሰው የጌታው ደጅ ላይ ይቆማል፤ እስኪታይ ድረስ ወርም ዓመትም ይመላለሳል። ኮሌጅም ደጅ ይጠናል። ልዩነቱ እዚህ በሩ ክፍት መሆኑ ነው፤ ሰዓቱም በሩ ላይ ተለጥፏል። ኦፊስ አወር ይሉታል። ፕሮፌሰሩ በዚያ ሰዓት ብቻውን ተቀምጦ ሻይ የሚጠጣበት ቀን ብዙ ነው፣ ማንም አይመጣማ! እኔም የመጀመሪያ ዓመቴን ሙሉ አንድም ቀን አልሄድኩም። ቢሮ የሚኬደው ጥፋት ሲኖር ይመስለኝ ነበር።

ሜጀሬ ኒውሮሳይንስ አይደለም። ይቀበሉኛል?

ያለ ምንም ችግር። ኒውሮሳይንስ ራሱ ከየቤቱ የተሰበሰበ ትምህርት ነው፤ ከባዮሎጂ፣ ከሳይኮሎጂ፣ ከኬሚስትሪ፣ ከፊዚክስ። ትልቁ የሙያ ማኅበር፣ ሶሳይቲ ፎር ኒውሮሳይንስ፣ የተመሠረተው በ1969 ነው። ከዚያ በፊት አንጎል የሚያጠናው ሰው በየዲፓርትመንቱ ተበታትኖ ነበር። ዛሬ ደግሞ ላቦች በጣም የሚፈልጉት ፓይተን ወይም ማትላብ የሚባሉትን የኮምፒውተር ቋንቋዎች የሚችል ልጅ ነው። ኮምፒውተር ሳይንስ የምትማሩ ከሆነ ከባዮሎጂ ልጆች ቀድማችሁ ልትገቡ ትችላላችሁ። ሒሳብም እንደዚያው።

ገና ፍሬሽማን ነኝ። አልቸኮልኩም?

የመጀመሪያውን ሴሚስተር ለኬሚስትሪና ለካልኩለስ ስጡት። በሁለተኛው ጀምሩ። አንድ ላብ ተማሪ ለማሠልጠን ብዙ ወር ይፈጅበታል፤ ሠልጥኖ በዓመቱ የሚመረቅ ልጅ ደግሞ ኪሳራ ነው። ሦስት ዓመት የቀረው ፍሬሽማን የሚያዋጣቸው ለዚህ ነው። «መጀመሪያ ሁሉንም ኮርስ ልጨርስ» የሚሉት ልጆች አራተኛ ዓመት ላይ ሲመጡ በሩ ይጠባል።

ላብ እንዴት ነው የሚገባው? ማስታወቂያ ይወጣል?

አንዳንዴ ይወጣል። አብዛኛው ቦታ ግን ሳይለጠፍ ይሞላል።

እኔ የምለው እንዲህ ነው። የዲፓርትመንቱን ድረ ገጽ ክፈቱና የፕሮፌሰሮቹን ዝርዝር እዩ። ከዚያ ውስጥ እውነት የሚያጓጓችሁን አምስት ወይም ስድስት ምረጡ። ሃምሳ ሰው ጋር አንድ ዓይነት ኢሜይል መበተን አይሠራም፤ ኮሪደሩ አንድ ነው፤ እርስ በርስ ያወራሉ። የእያንዳንዱን አንድ ጽሑፍ አውጥታችሁ ማጠቃለያውን አንብቡ። ግማሹ አይገባችሁም። ያልገባችሁን አንድ ነገር ጻፉት፤ ያቺ ጥያቄ በኋላ ትጠቅማለች።

ከኢሜይሉ በፊት ግን ሌላ መንገድ አለ፤ ከሁሉም የምወደው እሱን ነው። ብዙ ኮሌጅ ውስጥ በሳምንት አንዴ ጆርናል ክለብ አለ። አንድ ሰው አዲስ የወጣ ጥናት ይዞ ይመጣል፣ ሥዕላዊ መረጃዎቹን አንድ በአንድ ያሳያል፣ ሌሎቹ ይተቻሉ። ብዙውን ጊዜ ክፍት ነው፤ ማንም መታወቂያ አይጠይቅም። ፒዛም አለ። (ዓርብ ከሆነ ለጿሚ ምንም የሚረባ ነገር የለውም፤ ምሳችሁን ይዛችሁ ሂዱ።) እዚያ የሚቀመጡት የፒኤችዲ ተማሪዎች ናቸው ላቡን የሚያንቀሳቅሱት። ፕሮፌሰሩ ገንዘብ ሲለምንና ወረቀት ሲጽፍ ነው የሚውለው። «አንድ ልጅ አለች፤ በየሳምንቱ ትመጣለች» ብሎ ለፕሮፌሰሩ የሚናገረው የፒኤችዲ ተማሪው ነው።

ኢሜይሉ ላይ ምን ልጻፍ?

አጭር ይሁን። የምትጽፉት በእንግሊዝኛ ነው እንጂ ይዘቱ ይህን ይመስላል፦

«ፕሮፌሰር እከሌ፣ የሁለተኛ ዓመት የባዮሎጂ ተማሪ ነኝ። መግቢያ ኮርሱ ላይ አይጥ ቀን የሄደችበትን መንገድ በእንቅልፏ የሚደግሙ ሴሎች ሂፖካምፐሷ ውስጥ እንዳሏት ተማርን። የእርስዎን ላብ ጽሑፍ ሳነብ አንድ ጥያቄ ቀረኝ፦ እንቅልፏ መሐል ላይ ከተቋረጠ ድግግሙ ካቆመበት ይቀጥላል ወይስ ከመጀመሪያው ይነሣል? በሳምንት ዘጠኝ ሰዓት አለኝ፤ ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት። ዕቃ ከማጠብም ቢሆን ልጀምር ፈቃደኛ ነኝ። አሥር ደቂቃ ቢያናግሩኝ ደስ ይለኛል።»

በቃ። (ሂፖካምፐስ ለማስታወስ የሚያገለግል የአንጎል ክፍል ነው።) «ከልጅነቴ ጀምሮ አንጎል ያስደንቀኛል» አትበሉ፤ ሁሉም የሚለው እሱን ነው። ነጥባችሁን ከጠየቁ ይጠይቁ፤ እናንተ አትጀምሩት። ሳምንት አልፎ መልስ ካልመጣ አንዴ በትሕትና አስታውሱ። ዝምታው ንቀት አይደለም፤ ኢሜይሉ ተቀብሮባቸው ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። እኛ ሰው የምንጠራው በራሱ ስም ነው፤ «ዶክተር አበበ» እንላለን። እዚህ ማዕረግ የሚገባው ከቤተሰብ ስም ፊት ነው። «ፕሮፌሰር ጆን» ብሎ የጻፈ የሐበሻ ልጅ ስንት ነው! ሰውየው አይቆጣም፤ ግን ፈገግ ይላል። የእናንተንም ስም አስቡበት። ፖስተር ላይና ጽሑፍ ላይ የሚወጣው የአባታችሁ ስም ነው። ፊደሉን አንዴ ወስናችሁ እስከ መጨረሻው አንድ ዓይነት አድርጉት፤ ያለዚያ ሥራችሁ በሁለት ሰው ስም ተበትኖ ይቀራል።

ገባሁ እንበል። ምንድነው የምሠራው?

መጀመሪያ ሥልጠና ነው። እንስሳ ያለበት ላብ ከሆነ እንስሳውን ስለ መንከባከብ፣ ሰው የሚጠና ከሆነ የሰውን መብት ስለ መጠበቅ የሚያስተምር ኮርስ ትወስዳላችሁ። አሰልቺ ነው፤ ግዴታ ነው። ከዚያ ብርጭቆ ማጠብ፣ ቱቦ ላይ ስም መጻፍ፣ ጨዋማ ውሃ መበጥበጥ፣ ፒፔት (ጥቂት ፈሳሽ ለክቶ የሚያነሣ ዕቃ) አያያዝ መልመድ።

ለእኔ የመጀመሪያው እውነተኛ ሥራ የአይጥ አንጎል ቁራጮችን ስላይድ ላይ ማንሣት ነበር። የቀዘቀዘው አንጎል ክሪዮስታት በሚባል ማሽን ይቆረጣል፤ ከውስጡ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ነው። አንዱ ቁራጭ 40 ማይክሮሜትር ነው፤ ከፀጉር ይሳሳል፤ የሽንኩርት ልጣጭ ይመስላል። ሃያ አራት ጉድጓድ ባለው የፕላስቲክ ሳህን ውስጥ ይንሳፈፋል። ሥዕል በሚሣልበት ቀጭን ብሩሽ ከሥሩ ገብታችሁ ታነሡታላችሁ፣ መስታወቱ ላይ ታስተኙታላችሁ፣ ጫፉ ይጠቀለላል፣ ትዘረጉታላችሁ፣ ይቀደዳል። መጀመሪያ ቀን በሦስት ሰዓት አራት አነሣሁ። ወር ሲሞላ እጄ ለመደ፤ እናቴ እንጀራ ስታወጣ እንደምታደርገው፣ ሳላስብ።

ባበላሽስ?

ታበላሻላችሁ። እኔ የሁለት አይጥ ቁራጮችን አምታትቻለሁ። ክዳኑ ላይ ቁጥር ጽፌ ነበር፤ ቁራጮቹን ሳለቀልቅ የሁለቱ ሳህን ክዳኖች ተለዋወጡ። የሁለት ሳምንት ሥራ ነበር፣ ያውም የሌላ ሰው። ቤቴ ሄጄ አለቀስኩ፤ ማታውን ሳልተኛ ጠዋት ሄጄ ለፒኤችዲ ተማሪዋ ነገርኳት። ዓይኗን ጨፈነች፣ ከፈተች፤ «ከዛሬ ጀምሮ ክዳኑም ሳህኑም ላይ ይጻፋል» አለችና ቀጠለች። እስካሁን ሁለቱም ላይ ነው የምጽፈው። የሚያስባርረው ማበላሸት አይደለም፤ አበላሽቶ ዝም ማለት ነው፤ ምክንያቱም የተምታታው ነገር ቁጥር ሆኖ ጽሑፍ ውስጥ ይገባል።

አይጥ መንካት አልችልም። ቢቻል ማየትም አልፈልግም።

እንግዲያው አትንኩ። ሰው ላይ የሚሠራ ላብ አለ፤ ጭንቅላት ላይ ኤሌክትሮድ ያለበት ቆብ ታጠልቃላችሁ፣ ከፀጉር ሥር ጄል ታደርጋላችሁ፣ ኢኢጂ፣ ማለትም የአንጎልን የኤሌክትሪክ ምልክት፣ ትቀዳላችሁ። (ሹሩባ ወይም አፍሮ ላይ ቆቡ በደንብ አይቀመጥም። ዓመታት ሙሉ ጥቁር ሰዎች ከጥናት የሚቀሩበት አንዱ ምክንያት ይህ ነበር፤ እናንተ ብትገቡበት የምታሻሽሉት ነገር አለ።) የዝንብ ላብ አለ። 302 የነርቭ ሴል ብቻ ያላት ሲ ኤሌጋንስ የምትባል ትል ላይ ዕድሜያቸውን የጨረሱ ሰዎች አሉ። ከኮምፒውተር በቀር ምንም የማይነካ ላብም አለ።

ይከፈላል?

መጀመሪያ ላይ ብዙ ጊዜ አይከፈልም፤ ወይ በክሬዲት ነው ወይ በነፃ። ይህ ለማንም ቀላል አይደለም፤ ማታ ፓርኪንግ ወይም ሬስቶራንት ለሚሠራ ልጅ ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ አትፈሩ፣ ጠይቁ፦ «ወርክ ስተዲ አለኝ፤ ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ?» በሉ። ወርክ ስተዲ የፌዴራል መንግሥት የተማሪውን ደሞዝ አብዛኛውን የሚሸፍንበት እርዳታ ነው፤ ለላቡም ርካሽ ነው። የሚገኘው ፋፍሳ የሚባለውን የትምህርት እርዳታ ማመልከቻ ስትሞሉ ነው። በዲቪ መጥታችሁ ግሪን ካርድ ካላችሁ ለፌዴራል እርዳታ ብቁ ናችሁ። ጥገኝነት ያገኙም እንዲሁ። በተማሪ ቪዛ ያላችሁ ይህን አታገኙም፤ ግን ትምህርት ላይ እያላችሁ ካምፓስ ውስጥ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት መሥራት ይፈቀድላችኋል። ሰዓቱን ከውጭ ተማሪዎች ቢሮ ጋር ሳትነጋገሩ አትጀምሩ።

ሰመር ላይ ምን አለ?

እውነተኛው ገንዘብ ያለው እዚህ ነው። ለሳይንስ ምርምር ገንዘብ የሚሰጠው የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ናሽናል ሳይንስ ፋውንዴሽን፣ አርኢዩ የሚባል ፕሮግራም አለው። ለ10 ሳምንት ገደማ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ሄዳችሁ ትሠራላችሁ፤ አበል ይሰጣል፣ ብዙ ቦታ መኝታም ይሸፍናል። ኒውሮሳይንስ ላይ ያተኮሩ ብዙ ናቸው። አምጀን ስኮላርስም አለ፤ ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ነው። ሁለቱም ዜግነት ወይም ግሪን ካርድ ይጠይቃሉ። የውጭ ተማሪ ከሆናችሁ የራሳችሁ ኮሌጅ የሰመር ገንዘብ የተሻለ ተስፋ ነው።

ጊዜው የሚያታልለው ነገር ነው። ሰኔ ላይ የሚጀመረው ነገር ማመልከቻው የሚዘጋው ጥር ወይም የካቲት ላይ ነው። የእኛን ገና ቤት ሄዳችሁ ዶሮ ስትበሉ ማመልከቻው ግማሽ ማለቅ አለበት። የድጋፍ ደብዳቤ ያስፈልጋል፤ ጸሐፊውን ቢያንስ ከወር በፊት ጠይቁ። መልካችሁን እንኳ የማያውቅ ፕሮፌሰር የሚጽፈው «ኮርሴን ወስዶ ኤ አግኝቷል» የሚል ሁለት መስመር ነው። ኦፊስ አወር ያልኳችሁ እዚህ ላይ ይከፍላል።

በጀት ሲናጋ ፕሮግራምም ይታጠፋል። ቤተስዳ ያለው ኤንአይኤች፣ የመንግሥቱ የጤና ምርምር ተቋም፣ ለ2025 የሰመር ኢንተርንሺፑን ሰርዞት ነበር። የአምናውን ገጽ አምናችሁ አትቀመጡ።

ክለብ ልግባ?

ግቡ፤ ግን ሲቪ ላይ ለመጻፍ ብላችሁ አምስት ቦታ አትመዝገቡ። ኑ ሮ ሳይ የሚባል የኒውሮሳይንስ የክብር ማኅበር አለ፤ በ2006 ነው የተቋቋመው፤ በየኮሌጁ ቅርንጫፍ አለው፣ ጥሩ ነጥብ ይጠይቃል። ነጥብ የማይጠይቅ ተራ የኒውሮሳይንስ ክለብም ብዙ ቦታ አለ። እኔ ተራውን እመርጣለሁ። የክለብ ፕሬዚዳንት ሁሉም መሆን ይፈልጋል። አዳራሽ የሚያስይዝና ወንበር የሚደረድር ግን ሁልጊዜ ይጠፋል፤ እሱን ያዙ፤ እንግዳ ተናጋሪ ሲመጣ ከባቡር ጣቢያ የምትቀበሉት እናንተ ትሆናላችሁ። መኪና ውስጥ ሠላሳ ደቂቃ ብቻችሁን ከእንግዳው ጋር ናችሁ ማለት ነው። ከዚያ የበለጠ ኦፊስ አወር የት ይገኛል?

ኮንፈረንስ የሚባለው ለእኛም ነው?

ነው። የሶሳይቲ ፎር ኒውሮሳይንስ ዓመታዊ ስብሰባ ከ20,000 በላይ ሰው የሚመጣበት ገበያ ነው፤ በ2023 ዋሽንግተን፣ በ2024 ቺካጎ፣ በ2025 ሳን ዲየጎ ነበር። አዳራሹ ከመርካቶ አይተናነስም፤ ምቹ ጫማ ያድርጉ እላለሁ። በዚያው ስብሰባ ላይ ፈን የሚባለው፣ በ1991 የተመሠረተው የኮሌጅ መምህራን ማኅበር፣ ለተማሪዎች ብቻ የፖስተር ዝግጅት ያደርጋል፤ የጉዞ ገንዘብም ይሸልማል። ትንሽ ሲፈልጉ የክልል ስብሰባዎች አሉ፤ ሰሜን ምሥራቅ ኒውሮን፣ ደቡብ ምሥራቅ ሲናፕስ ይባላሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ትንሹ ይሻላል። ፖስተራችሁ አጠገብ ቆማችሁ ለአንድ ሰው በሦስት ደቂቃ ማስረዳት ነው ሥራው። ቤት ውስጥ ለእናታችሁ በአማርኛ ተለማመዱት። «ታዲያ ይሄ ምን ይጠቅማል?» ካለችና መልስ ካጣችሁ፣ ፖስተሩ ገና አልበሰለም።

ለኅብረተሰቡ የሚሆን ነገር መሥራት እፈልጋለሁ። ከየት ልጀምር?

በየዓመቱ መጋቢት ላይ ብሬን አዌርነስ ዊክ የሚባል ሳምንት አለ። ዳና ፋውንዴሽን በ1996 የጀመረው ነው። የኮሌጅ ተማሪዎች አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ፤ ልጆች የመዋኛ ቆብ ላይ አንጎል ይሥላሉ፣ ጠንካራ ዕቃ ውስጥ እንቁላል አስገብተው እየናጡ ሄልሜት ለምን እንደሚደረግ ያያሉ። ብሬን ቢ የሚባል የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ውድድርም አለ፤ በ1998 ሜሪላንድ የተጀመረ። ዳኛና ሰዓት ያዥ ሁልጊዜ ይፈልጋሉ።

እኔ ግን ልባችሁ ከፈቀደ ወደ ራሳችን ሰው ሂዱ እላለሁ። እኛ አንድ ጊዜ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ተፈቅዶልን ሄድን። መጋቢት መሆኑን አስበናል፤ ዐቢይ ጾም መሆኑን ግን አላሰብንም። ፎርማሊን ውስጥ የተቀመጠ የበግ አንጎል በባልዲ ይዘን ስንገባ አንድ ቄስ አዩን። ባልዲውን አዩ፣ እኛን አዩ፤ «ልጆቼ፣ ይሄ ከፋሲካ በኋላ አይሆንም?» አሉ። ባልዲው መኪና ውስጥ ዋለ፤ የፕላስቲክ ሞዴሉ ሥራውን ሠራ። እናንተ ከመጀመሪያው ፕላስቲኩን ያዙ።

ዶፓሚን ምናምን ልንል ተዘጋጅተን ነበር። ማንም አልጠየቀንም። የተጠየቅነው ስለ ደም ግፊትና ስትሮክ ነው፤ ስለ መርሳት በሽታ ነው። አንዲት እናት ሰው ሲጥለው ክብሪት ጭሮ ማሽተት ይጠቅማል ወይ አሉ። ግማሹ አዳራሽ አዎ አለ። አይጠቅምም፤ ሰውየውን በጎኑ ማስተኛት፣ ጭንቅላቱ ሥር ለስላሳ ነገር ማድረግ፣ አፉ ውስጥ ምንም አለመክተት፣ ሰዓት መያዝና አምስት ደቂቃ ካለፈ 911 መደወል ነው። አንድ ሽማግሌ ደግሞ ተነሥተው «ኮሶ አንጎል ይገባል ይባላል፤ ጥሬ ሥጋ ልንተው ነው?» አሉ። አዳራሹ ሳቀ፤ እኛ ግን መልሱን አናውቀውም ነበር። አብሮን የመጣው ሐኪም አዳነን፦ ከበሬ ሥጋ የሚመጣው ኮሶ አንጎል አይገባም፤ አንጎል ውስጥ ገብቶ የሚጥል በሽታ የሚያመጣው የአሳማው ዓይነት ትል እንቁላል ነው። የበሬው ዓይነት የሰው አንጀት ውስጥ ይኖራል፤ እሱም ቢሆን አይመረቅም አለ። ለዚህ ነው ያለ ሐኪም አትሂዱ የምለው። እናንተ ተማሪ ናችሁ፤ «መድኃኒቴን ልተው?» ተብላችሁ መጠየቃችሁ አይቀርም።

ቤተሰቤ ዶክተር ሁን ይለኛል። ይህ ሁሉ ጊዜ ማባከን አይሆንም?

ሜዲካል ስኩል የላብ ልምድና በጎ ፈቃድ ያያል፤ ስለዚህ ለቤተሰብ የሚነገር መልስ አላችሁ። እውነቱ ግን ብዙዎች ላብ ገብተው ሐሳባቸውን ይቀይራሉ፤ ወደ ምርምር የሚሄድ አለ፣ ላብ እንደማይሆነው የሚያውቅም አለ። ሁለቱም ትርፍ ነው። አባቴ «ፒኤችዲም ዶክተር ነው» ስለው «መርፌ ይወጋል?» አለኝ። አይጥ ይወጋል አልኩት። ጨዋታው እዚያ ላይ ቆመ።

ኮሚኒቲ ኮሌጅ ነኝ፤ ላብ የሚባል ነገር የለም።

አርኢዩዎች የሚፈልጉት እናንተን ነው፤ ምርምር የሌለበት ኮሌጅ ልጆችን እንዲቀበሉ ይበረታታሉ። እስከዚያ ቤት ውስጥ ሆናችሁ የሚሠራ ሥራ አለ። በ2024 የአንድ ዝንብ ሙሉ አንጎል ካርታ ወጣ፤ ወደ 139,000 የነርቭ ሴሎች አሉት። ፍላይዋየር ይባላል። ኮምፒውተሩ የተሳሳተውን እያረሙ ከሠሩት መካከል ከሳይንቲስቶቹ ሌላ በፈቃዳቸው የገቡ ተራ ሰዎች ነበሩ። ሲያትል ያለው አለን ኢንስቲትዩትም የአንጎል አትላሱንና ብዙ ዳታውን በነፃ ለቋል። በ2020 የተጀመረው ኒውሮማች አካዳሚ ደግሞ የሰመር ኮርስ በኦንላይን ይሰጣል፤ ፓይተን ግን አስቀድማችሁ ልመዱ።

ኢትዮጵያ ውስጥ የሚማር ወንድሜስ?

ኒውሮማች ለእሱም ክፍት ነው፤ ክፍያው እንደየአገሩ ይቀንሳል። ሶና የሚባል የአፍሪካ የኒውሮሳይንስ ማኅበር አለ፤ በ1993 የተመሠረተ ነው። ሕክምና ወይም ሳይኮሎጂ እየተማረ ከሆነ ከአምስት ጓደኞቹ ጋር ጆርናል ክለብ መጀመር ይችላል፤ ፒዛ ግድ አይደለም። ቡና በቂ ነው።

ዓይን አፋር ነኝ። ማንንም አላውቅም። ገብቼ ምን ልበል?

ምንም አትበሉ። እኔ ጆርናል ክለቡ ላይ ወሩን ሙሉ አንድ ቃል አልተናገርኩም። ከኋላ፣ ከበሩ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ነበር የምቀመጠው፤ ቢከፋኝ ለመውጣት። አምስተኛው ሳምንት ላይ አውቶቡስ አምልጦኝ ዘግይቼ ስገባ ክፍሉ ሞልቶ ነበር። ተመልሼ ልወጣ ስል አንድ ስሙን የማላውቀው የፒኤችዲ ተማሪ ወንበሬ ላይ ያስቀመጠውን ቦርሳ አነሣና «ዛሬ ደግሞ ምን ሆነሽ ዘገየሽ?» አለኝ።